ሁለት ሽቦ፣ አንድ ፋይል፦ የዲፈረንሺያል ልኬት በሊኑክስ ከርነል

ቮልቴጅ ምንጊዜም በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከሁለቱ አንዱ ግራውንድ ሲሆን ግን ነገሩን እንዘነጋዋለን። «እዚህ ፒን ላይ 2 ቮልት አለ» እንላለን፤ «ከምን አንጻር?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚነሳው ሁለተኛው ነጥብ ራሱ የሚንቀሳቀስ ሲሆን ነው። የሚዛን ሎድ ሴል፣ የምድጃ ሙቀት የሚለካ ተርሞካፕል፣ የባትሪን ፍሰት የሚያስነብብ ሸንት ሬዚስተር፣ በአየር ማጣሪያ ግራና ቀኝ ያለውን ግፊት የሚያነጻጽር ሴንሰር፣ ሁሉም የሚናገሩት ስለ ልዩነት ነው። ልዩነቱም አብዛኛውን ጊዜ በጣም ትንሽ ነው።

ልዩነቱን የሚለካው ሃርድዌሩ ነው፤ ለፕሮግራሞች የሚያደርሰው ደግሞ በከርነል ውስጥ ያለው ድራይቨር። በምን ስም ያድርሰው? ስንት ቁጥር ያስከትል? የትኛውን መረጃ ይደብቅ፣ የትኛውን ይግለጥ? በሊኑክስ ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች ከ20 ዓመት በላይ ሲንከባለሉ ቆይተው ከፊሉ ብቻ መልስ አግኝቷል። ክርክሩ የሚወሳሰበው፣ በእኔ ግምት፣ «ዲፈረንሺያል» በሚባለው አንድ ምልክት ላይ ሦስት ጉዳይ ስለተጫነበት ነው፦ የትኞቹ ሁለት ፒኖች ተነጻጸሩ፣ ውጤቱ ከዜሮ በታች መውረድ ይችላል ወይ፣ ማነጻጸሪያው ራሱስ ምንድን ነው። ሊኑክስ የመጀመሪያውን በደንብ መልሷል፤ ሁለተኛውን በከፊል፤ ሦስተኛውን ገና አልነካውም ማለት ይቻላል።

መቀነሱ ለምን የሃርድዌር ሥራ ሆነ

የነገሩ ሥር ከኮምፒውተር በፊት ነው። ሳሙኤል ሀንተር ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1833 የገለጸው፣ ቻርልስ ዊትስቶን በ1843 ያስተዋወቀውና ስሙን የወረሰው የሬዚስተሮች ድልድይ ዛሬም በአብዛኛዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች ውስጥ አለ። አንድ የተለመደ ሎድ ሴል በተሰጠው በየ1 ቮልት 2 ሚሊቮልት ያወጣል። 5 ቮልት ስንሰጠው ሙሉ ጭነቱ 10 ሚሊቮልት ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱ የውጤት ሽቦዎች ግን እያንዳንዳቸው 2.5 ቮልት አካባቢ ላይ ተንጠልጥለዋል።

ሁለቱን ሽቦዎች ለየብቻ ከግራውንድ አንጻር አንብቦ በፕሮግራም መቀነስስ? ባለ 12 ቢትና የ5 ቮልት ማጣቀሻ ያለው ኤዲሲ (አናሎግን ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ቺፕ) አንድ እርምጃው 1.22 ሚሊቮልት ነው። ያ ሁሉ ጭነት በ8 እርምጃ ያልቃል፤ በዚህ ሚዛን ማንም አይገበያይም።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል የሚያርፍ የ50 ኸርዝ ሁከት ከፍታው 1 ቮልት ቢሆን፣ በፈጣኑ ነጥብ ላይ በሰከንድ 314 ቮልት ፍጥነት ይለወጣል። ተራ በተራ የሚያነብ ቺፕ በሁለቱ ንባቦች መካከል 1 ሚሊሰከንድ ቢያሳልፍ ስህተቱ እስከ 0.3 ቮልት ይደርሳል፤ ከሙሉ ጭነቱ 30 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። የጋራውን ቮልቴጅ በ100 ዴሲቤል የሚያፍን የዲፈረንሺያል መግቢያ ግን ያንኑ 1 ቮልት ወደ 10 ማይክሮቮልት ያወርደዋል።

ስለዚህ የሚቀንሰው ሃርድዌሩ መሆኑ ላይ ክርክር የለም። የሚያከራክረው የተቀነሰውን ነገር ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ ነው።

ሦስት ቤቶች

ሊኑክስ ለዚህ ጉዳይ አንድ ቤት ኖሮት አያውቅም። በዕድሜ የሚቀድመው ዴቪድ ሽሊፍ የጀመረው ኮሜዲ ነው፤ የተሠራው ለላቦራቶሪ የመለኪያ ካርዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በስቴጂንግ (ገና ያልበሰለ ኮድ በሚቆይበት የከርነሉ ክፍል) በኩል ወደ ከርነሉ ገባ፤ ከስቴጂንግ የወጣው ግን በ2021፣ በ5.13 ስሪት ነው። የኮሜዲ መልስ ቀጥተኛ ነው፦ ምርጫው የጠሪው ነው። ፕሮግራሙ ንባብ ሲጠይቅ የቻናሉን ቁጥር፣ የመለኪያ ክልሉንና የማጣቀሻውን ዓይነት በአንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ጠቅልሎ ይልካል። ለማጣቀሻው የተመደቡት 2 ቢቶች አራት አማራጭ ይሰጣሉ፦ ግራውንድ፣ የጋራ ነጥብ፣ ዲፈረንሺያል እና ሌላ። ያው ቻናል አሁን ከግራውንድ፣ ከአፍታ በኋላ ደግሞ ከጥንዱ አንጻር ሊነበብ ይችላል።

ይህ በጠረጴዛ ላይ ሽቦ እየቀያየረ ለሚሠራ ተመራማሪ የሚስማማ ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። «ቻናል 0 በዲፈረንሺያል» ሲባል ጥንዱ ማን እንደሆነ በይነገጹ አይናገርም። በብዙ ባለ 16 መግቢያ ካርዶች የ0 ጥንድ 8 ነው፤ ይህን የሚያውቀው የካርዱን መመሪያ ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቤት ኤችደብሊውሞን ነው፤ ዓላማው የማዘርቦርድን ጤና መከታተል ነው። ቮልቴጅ በሚሊቮልት፣ በሙሉ ቁጥር፣ «ኢን0_ኢንፑት» በሚል ዓይነት ፋይል ይቀርባል። እዚህ ቤት ውስጥ ልዩነት የሚባል ነገር ስም የለውም። የኤዲኤስ1015 ቺፕ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ቺፑ አራት መግቢያ አለው፤ መልቲፕሌክሰሩ (የሚነበቡትን መግቢያዎች የሚመርጠው ክፍል) ስምንት አቀማመጥ አለው፤ አራቱ ጥንዶች፣ አራቱ ከግራውንድ። የድሮው የኤችደብሊውሞን ድራይቨር ስምንቱን ከኢን0 እስከ ኢን7 ደረደራቸው። ኢን0 በመግቢያ 0 እና 1 መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ኢን1 በ0 እና 3 መካከል፤ ኢን4 ደግሞ መግቢያ 0 ብቻውን። ሰነዱን ያልከፈተ ሰው ይህን በምን ያውቃል? ድራይቨሩ በኋላ ከከርነሉ ወጥቶ ቦታውን ለሦስተኛው ቤት ለቋል።

ያ ሦስተኛ ቤት ጆናታን ካሜሮን የጀመረው የኢንዱስትሪ ግብዓትና ውጤት ክፍል፣ በአጭር ስሙ አይ.አይ.ኦ. ነው። በ2009 ስቴጂንግ ገባ፤ ዋናው አካሉ በ2012 ከዚያ ወጣ። ዛሬ ስለ ዲፈረንሺያል የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው እዚህ ነው የሚካሄደው።

ስም ውል ሲሆን

የአይ.አይ.ኦ. መልስ ጥንዱን በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ነው። ከግራውንድ አንጻር የሚነበብ መግቢያ «ኢን_ቮልቴጅ0_ሮው» ይባላል፤ ጥንድ ከሆነ «ኢን_ቮልቴጅ0-ቮልቴጅ1_ሮው»። ሰረዙ የመቀነስ ምልክት ነው፤ መጀመሪያ የተጠቀሰው አዎንታዊው ፒን፣ ቀጥሎ የተጠቀሰው አሉታዊው። ሰውም ፕሮግራምም ያነበዋል፤ ሰነድ አያስፈልገውም። ሊቢዮ የተባለው የተጠቃሚ ላይብረሪም ያንኑ ስም የቻናሉ መታወቂያ አድርጎ ይወስደዋል። ከሦስቱ ቤቶች ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሟላ መልስ የሰጠው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ውበቱ ዋጋ አለው። ሊኑክስ የተጠቃሚ ፕሮግራሞችን የሚሰብር ለውጥ አይቀበልም፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በዚህ ላይ ድርድር አያውቅም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የወጣ የፋይል ስም ውል ነው። ቺፑ ዲፈረንሺያል መሆኑን ዘንግቶ «ኢን_ቮልቴጅ0» ብሎ የወጣ ድራይቨር ነገ ስሙን አስተካክላለሁ ቢል መንገዱ ጠባብ ነው። ሰነዱ ራሱም አይታመንም ነበር፦ የካፓሲታንስ ጥንዶች በይፋዊው የበይነገጽ ሰነድ ላይ ለዓመታት የተጻፉት «ኢን_» ሁለት ጊዜ ተደግሞ ነበር፤ ኮዱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያወጣው። የታረመው ሰነዱ ነው፤ ኮዱ አስቀድሞ ውል ሆኗልና።

ከስሙ በስተጀርባ ያለው መዋቅር ደግሞ የራሱን ገደብ ይጥላል። እያንዳንዱ ቻናል በከርነሉ ውስጥ ሲገለጽ ለዲፈረንሺያልነቱ 1 ቢት፣ ለሁለተኛው ፒን አንድ ቁጥር አለው። ያ ሁለተኛ ቁጥር ግን ባለ ሁለት ተግባር ነው፤ ቻናሉ ዲፈረንሺያል ካልሆነ የመለያ ቦታ ይሆናል፤ ለምሳሌ በእንቅስቃሴ ሴንሰር ላይ ኤክስ፣ ዋይ ወይም ዜድ የሚለውን ይይዛል። ስለዚህ ጥንድም መለያም ያለው ቻናል መግለጽ አይቻልም። መዋቅሩ ሲነደፍ ማንም ሁለቱ በአንድ ቺፕ ላይ ይገናኛሉ ብሎ ስላላሰበ ይሆናል። ሴንሰሮች እየተወሳሰቡ ሲሄዱ ግን ለሁለቱ የተሰጠው አንድ ቦታ እየጠበበ መጥቷል። የሚገርመው፣ ለማስጠንቀቂያ ክስተቶች የተነደፈው ባለ 64 ቢት ኮድ ይህ ችግር የለበትም፤ እዚያ ለዲፈረንሺያልነት፣ ለመለያና ለሁለቱ ቻናሎች የተለያየ ቦታ ተሰጥቷል። አንዱ ክፍል የለየውን ሌላው አጣብቆታል።

ስለ ስም ከተነሳ አንድ የሚያስፈግግ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በኤዲ7192 ድራይቨር ውስጥ አንድ መግቢያ ከራሱ ጋር ተጣምሯል፦ «ኢን_ቮልቴጅ2-ቮልቴጅ2_ሾርትድ_ሮው»። ስህተት አይደለም። ሁለቱን ጫፍ አንድ ፒን ላይ አገናኝቶ የቺፑን የራሱን ሁከት መለኪያ ነው። የስሙ ሰዋስው እንዲህ ዓይነቱን እንኳ መሸከም መቻሉ ለንድፉ ምስክር ነው።

ግማሽ ዲፈረንሺያል

ክርክሩ የሚሞቀው ፕስዩዶ-ዲፈረንሺያል በሚባሉት ቺፖች ላይ ነው። እነዚህ ሁለት መግቢያ አላቸው፤ ልዩነቱንም በእርግጥ ይለካሉ። አሉታዊው ፒን ግን እንደልቡ መንቀሳቀስ አይፈቀድለትም።

ኤምሲፒ3208ን እንውሰድ። ስምንት መግቢያዎቹ አራት ጥንድ መሆን ይችላሉ። ዳታሺቱ ግን አሉታዊው መግቢያ ከቺፑ ግራውንድ ከ100 ሚሊቮልት በላይ እንዳይርቅ ይገድባል። በ2.5 ቮልት ላይ የተንጠለጠለ ድልድይ እዚህ አይለካም። ውጤቱም ከዜሮ በታች አይወርድም። ድራይቨሩ ይህን እንዴት ገለጸው? ስምንቱን መግቢያዎች ለየብቻ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጥንድ ሁለት ጊዜ፦ 0-1 እና 1-0፣ 2-3 እና 3-2 እያለ፤ በጠቅላላው 16 ቻናል። አንዱ አቅጣጫ ዜሮ ላይ ሲደርቅ ሌላው ያነባል። ብልሃቱ ሐቀኛ ነው። ይሁን እንጂ የፋይሉን ስም ያየ ሰው በዚህ ቺፕና በእውነተኛ ዲፈረንሺያል ቺፕ መካከል ያለውን ልዩነት አያይም።

እዚህ ላይ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው ስሙ ሽቦውን ይንገር ይላል፤ ሁለት ፒን ከተነጻጸሩ ጥንድ ይባል፤ የቀረው የዳታሺቱ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስሙ ተጠቃሚው የሚያደርገውን ስሌት ይንገር ይላል፤ አሉታዊው ፒን በቋሚ ቮልቴጅ ላይ ከታሰረ እሱ ሲግናል ሳይሆን ማጣቀሻ ነው። የቅርብ ጊዜዎቹ ድራይቨሮች ወደ ሁለተኛው አዘንብለዋል። በኤዲ7380 ቤተሰብ ውስጥ ሙሉ ዲፈረንሺያል የሆኑት ቺፖች ጥንድ ስም ሲኖራቸው፣ ፕስዩዶ-ዲፈረንሺያል የሆኑት እንደ ነጠላ መግቢያ ይቀርባሉ። አሉታዊው ፒን የታሰረበት ቮልቴጅ በዲቫይስ ትሪ (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ በሚዘረዝረው ፋይል) ላይ እንደ ኃይል ምንጭ ይመዘገባል፤ ድራይቨሩም ወደ ቺፑ እርምጃ ለውጦ በኦፍሴት ፋይል ያወጣዋል። በአይ.አይ.ኦ. ቀመር ንባቡ ከኦፍሴቱ ጋር ተደምሮ በስኬሉ (አንድ እርምጃ ስንት ሚሊቮልት እንደሆነ በሚናገረው ቁጥር) ይባዛል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው የሚያገኘው ከግራውንድ አንጻር ያለውን እውነተኛ ቮልቴጅ ነው።

እኔ ለሁለተኛው ጎራ አደላለሁ፤ ምክንያቴም ቀላል ነው። ኦፍሴቱ ስሌት ውስጥ ይገባል፤ ስሙ ግን አይገባም። ኦፍሴቱን ያላነበበ ፕሮግራም ውጤቱ ወዲያው ይስታል፣ ስህተቱም ይታያል። ስሙን በተሳሳተ መንገድ የተረዳ ፕሮግራም ግን ዓመቱን ሙሉ ሳይታወቅበት ሊሠራ ይችላል። የአንደኛው ጎራ ጠንካራ ነጥብም አለ፦ አሉታዊው ፒን ዛሬ ቋሚ ቮልቴጅ ላይ ስለታሰረ ነገም ይታሰራል ማለት አይደለም፤ ያ የቺፑ ሳይሆን የቦርዱ ባሕርይ ነው።

ጥንዱን ማን ይመርጣል

የመጨረሻው ነጥብ ወደ ሌላ ጥያቄ ያደርሰናል። የቺፑ መልቲፕሌክሰር ስምንት አቀማመጥ ብቻ ሲኖረው ሁሉንም መዘርዘር ይቻላል። እንደ ኤዲ7194 ያለ፣ 16 መግቢያውን እንደፈለገ የሚያጣምር ቺፕ ግን ቅደም ተከተል ከተቆጠረ 240 ጥንድ አለው። ሁሉንም በፋይል መዘርዘር ትርጉም የለውም፤ በቦርዱ ላይ በእርግጥ የተሸጡት ሽቦዎች አምስት ወይም ስድስት ናቸው።

ስለዚህ ምርጫው ወደ ዲቫይስ ትሪ ሄደ። የቦርዱ ሠሪ ለእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ቁጥር ይጽፋል፦ አዎንታዊውና አሉታዊው። ነጠላ መግቢያ ከሆነ ሌላ ባሕርይ አለው፤ የጋራ ማጣቀሻ ፒን ካለ እሱም ለብቻው ይጠቀሳል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርድ እንደሆነ «ባይፖላር» የሚል የተለየ ምልክት ይነግራል። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ጥያቄ፣ የአዎንታዊና አሉታዊ ምልክቱ ጉዳይ፣ ከሽቦው የተለየው። ተገቢ መለያየት ነው፤ ዲፈረንሺያል ሆኖ ባይፖላር ያልሆነ ቺፕ አለና። ዘፊር የተባለው የትንንሽ መሣሪያዎች ሥርዓትም ተመሳሳይ መንገድ ይዟል፦ ለዲፈረንሺያልነት 1 ቢት፣ ለአዎንታዊና ለአሉታዊ ፒን የየራሳቸው ቦታ። ነገር ግን በዘፊር የሚሊቮልት መቀየሪያ ውስጥ ዲፈረንሺያል ከተባለ አንድ ቢት ለምልክቱ ተብሎ ከጥራቱ ይቀነሳል፤ ማለትም ሽቦውና ምልክቱ እንደገና ተጣበቁ።

በዲቫይስ ትሪ መወሰን ለምርት ጥሩ ነው፤ ለሙከራ ጠረጴዛ ግን ኮሜዲ ይሻላል። ይህን ልዩነት ማስታረቅ የሚቻል አይመስለኝም፤ የሁለቱ ተጠቃሚ የተለያየ ነው።

ልዩነት መሆናቸውን የማይናገሩ

በስሙ ያልተጻፈ ልዩነት ከተጻፈው ሳይበዛ አይቀርም። በርካሽ ሚዛኖች ውስጥ በየቦታው የሚገኘው ባለ 24 ቢት ኤችኤክስ711 ከዲፈረንሺያል በቀር ሌላ መለካት አይችልም፤ ከርነሉ ውስጥ ግን ሁለቱ መግቢያዎቹ «ኢን_ቮልቴጅ0» እና «ኢን_ቮልቴጅ1» ናቸው። ይህን ስህተት የሚሉ አሉ። ስያሜው ግን መከራከሪያ አለው፦ ፒኖቹ ሊለዋወጡ አይችሉም፣ ስለዚህ ጥንዱ አንድ ዕቃ ነው፣ አንድ ቁጥር ይበቃዋል።

የፍሰት መለኪያ ቺፖቹ አይኤንኤ219 እና አይኤንኤ226 የበለጠ ያስተምራሉ፤ ለእነሱ በኤችደብሊውሞንም በአይ.አይ.ኦ.ም ድራይቨር አለና። አይኤንኤ226 የሸንቱን ልዩነት በ2.5 ማይክሮቮልት እርምጃ ይለካል። በኤችደብሊውሞን ያ ቮልቴጅ ወደ ሙሉ ሚሊቮልት ይጠጋጋል፤ 400 የቺፑ እርምጃ በአንድ ቁጥር ውስጥ ይጠፋል። ሆኖም ማንም አይጮኽም፤ ተጠቃሚው የሚያነበው በሬዚስተሩ ዋጋ ተሰልቶ የወጣውን ፍሰት ነውና። የአይ.አይ.ኦ. ድራይቨርም ሸንቱን ተራ «ኢን_ቮልቴጅ0» ነው የሚለው። ሁለቱም ቤቶች ሳይማከሩ አንድ ፍርድ ሰጡ፦ ልዩነቱ መንገድ እንጂ ግብ ካልሆነ ስሙን መሸከም የለበትም።

ተርሞካፕልም እንዲሁ ነው። ኬ ዓይነቱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 41 ማይክሮቮልት ገደማ የሚያመነጨው በሁለት ጫፎች መካከል ላለ የሙቀት ልዩነት ነው። ማክስ31855 የተባለው ቺፕ የቀዝቃዛውን ጫፍ ሙቀት ራሱ ለክቶ ደምሮ ስለሚያወጣ ከርነሉ ላይ የሚታየው ፍጹም ሙቀት ነው፤ የቀዝቃዛው ጫፍ ለብቻው፣ «አምቢየንት» በሚል መለያ ይቀርባል።

ይህ ፍርድ ግፊት ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማነጻጸሪያው ምንድን ነው የሚለው፣ የሚነሳው እዚህ ነው። የሀኒዌል ኤችኤስሲ ሴንሰሮች በአንድ ድራይቨር ይያዛሉ፤ በሞዴል ኮዱ ውስጥ ያለ አንድ ፊደል ግፊቱ ፍጹም፣ ከከባቢ አየር አንጻር ወይም በሁለት ቧንቧ መካከል መሆኑን ይለያል። ያ ፊደል ዲቫይስ ትሪ ላይ ይጻፋል። የሚወጣው ፋይል ግን በሦስቱም «ኢን_ፕሬዠር_ሮው» ነው። የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ፕሮግራም ዜሮ ሲያነብ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ይላል፤ የማጣሪያ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ዜሮ ሲያነብ ሁሉ ሰላም ነው ይላል። በኤሌክትሪኩ ዘንድ የጥንዱ ጫፎች ቁጥር አላቸው፤ በቧንቧው ዘንድ ቁጥር የላቸውም። «ግፊት0-ግፊት1» ማለት ለየብቻ የማይነበቡ ሁለት ቻናሎችን መፍጠር ይሆናል። አዲስ መለያ ማበጀት ይቻል ነበር፤ ግን መለያው ከሁለተኛው ፒን ጋር አንድ ቦታ እንደሚጋራ ከላይ አይተናል።

ያልተዘጋው ሒሳብ

የቁጥር ጥራት ጉዳይ ቀለል ያለ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ከርነል ውስጥ የተንሳፋፊ ነጥብ ስሌት ስለማይሠራ ስኬል የሚወጣው በአብዛኛው ከነጥብ በኋላ 9 አሃዝ ይዞ ነው። 2.5 ቮልት ማጣቀሻ፣ 128 እጥፍ ማጉያና 24 ቢት ባለው ባይፖላር ቺፕ አንድ እርምጃ 0.000002328 ሚሊቮልት ይሆናል። የቀሩት ትርጉም ያላቸው አሃዞች አራት ብቻ ናቸው፤ ባለ 24 ቢት ቺፕ የገዛ ሰው በማጠጋጋት ብቻ ከ10,000 አንድ ያህል ያጣል። አሃዱን ከሚሊቮልት መለወጥ ውል ማፍረስ ነው፤ አሃዝ መጨመር ግን አይደለም።

ከባዱ የጋራ ቮልቴጅ ነው። ጥንዱ የቱንም ያህል በትክክል ቢሰየም፣ ሁለቱ ሽቦዎች አብረው የት ድረስ መውጣትና መውረድ እንደሚችሉ የሚናገር መደበኛ ፋይል በአይ.አይ.ኦ. የለም። ከተፈቀደው ክልል የወጣ ድልድይ ስህተት አይመልስም፤ የተሳሳተ ቁጥር በትክክለኛ ስም ይመልሳል። ገደቡ በማጉያው መጠንና በኃይል ምንጩ ስለሚለዋወጥ በአንድ ቋሚ ቁጥር አይጻፍም የሚለው ተቃውሞ ሚዛን ይደፋል፤ ድራይቨሩ ግን ማጉያውንም የኃይል ምንጩንም የሚያውቅ ብቸኛ ወገን ነው።

ስለዚህ አዲስ ድራይቨር ለሚጽፉ ሁሉ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ የጥንዱን ስም ከመምረጣችሁ በፊት ዳታሺቱ ላይ ያለውን የአሉታዊ ፒን ገደብ ፈልጉ፤ ፋይል ባይኖረው እንኳ በዲቫይስ ትሪው ሰነድ ላይ በቮልት ጻፉት።